ከተማ የሰፋ ቤት ነው፤ ስለ እንግሊዝ ከተማ አማካሪዎችና ስለ ጀውሃ ጎረቤቶች

የቤት ጌታ በቤቱ ውስጥ ያለውን ያውቃል። የቤት እመቤትም ጎታው መጉደሉን፣ እንስራው መሰንጠቁን፣ ልጁን ትኩሳት እንደ ያዘው ከማንም አስቀድማ ታያለች። ነገር ግን ከደጃፉ ውጭ ያለው፣ ይኸውም በአሥር ቤት በር የሚያልፈው የፍሳሽ ቦይ፣ ሁሉም የሚቀዳበት ውሃ፣ ሁሉም የሚረግጠው መንገድ የማን ነው? የሁሉም ነው የተባለ ነገር ጠባቂ ካልተሾመለት የማንም ሳይሆን ይቀራል። ብልህ የሆነ ቤተ ሰብ ደጃፉን በሚገባ ቢጠርግ እንኳ፣ የጎረቤቱ ጥራጊ በነፋስ ተመልሶ ይመጣበታል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው፣ የጣርማበርን ዋሻ ካለፈ በኋላ ከደጋው ብርድ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ጋቢውን አውልቆ ሸዋ ሮቢትን ያልፍና ጀውሃን ያገኛል። ወንዙም በዚሁ ስም ይጠራል፤ በምዕራብ ካለው ተራራ ወርዶ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዋሽ ቆላ ይመልሳል። አገሩ የማሽላ፣ የጤፍና የማሾ አገር ነው፤ ውሃ በተጠለፈበት ስፍራ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ይበቅላል። ጀውሃ ትንሽ ስፍራ ናት። ይሁን እንጂ በመንገድ ዳር ያለች ትንሽ ስፍራ ሁሉ የሚያሳስባት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ከደጃፍ ውጭ ያለውን የሚጠብቅ ማን ነው የሚለው ነው።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ዛሬ በዚህ ገጽ ይህንኑ ጥያቄ አንድ የእንግሊዝ ከተማ እንዴት እንደ መለሰው ተመልክተን፣ ከዚያ በኋላ ወደ ይፋት እንመለሳለን። የምንጽፈው የሰውን አገር አመስግነን የራሳችንን ለመንቀፍ አይደለም። በመስተዋት ፊት የሚቆም ሰው ሊያይ የሚፈልገው የራሱን መልክ እንጂ መስተዋቱን አይደለምና። የአገራችንን ነገር በአገራችን አቆጣጠር፣ የእንግሊዝን ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንናገራለን፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. እያልን እንለየዋለን።

ከእንግሊዝ ከተሞች ሁሉ ባዝን የመረጥንበት ምክንያት፣ በስደቱ ዘመን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ቤተ ሰብ የኖረባት ከተማ ስለ ሆነች ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ወደ ባዝ መጡ። ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት ገዝተው፣ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ወደ ሱዳን እስኪሄዱ ድረስ በዚያ ተቀመጡ። የእንግሊዝ ክረምት ብርቱ ስለ ሆነ እቴጌ መነን ከስደቱ ዘመን ከፊሉን በኢየሩሳሌም አሳለፉ።

እስቲ የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ከተማ የዘወትር ኑሮ እንመልከት። ማለዳ ወተት ሻጩ የወተቱን ጠርሙስ በየደጁ አስቀምጦ ባዶውን ይወስዳል። ፖስተኛው ደብዳቤውን በመዝጊያው ቀዳዳ ይጨምራል። ከሰል ሻጩ ጆንያውን ተሸክሞ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። በተወሰነው ቀን ደግሞ የጥራጊ ጋሪ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ቤት ጥራጊውን በክዳን ባለው በርሜል አጠራቅሞ ይጠብቃል። በምሽት የመንገዱ መብራት ይበራል። ከእነዚህ ውስጥ ወተቱና ከሰሉ የነጋዴ ሥራ ነው፤ ደብዳቤው የመንግሥት ነው፤ ጥራጊው፣ መንገዱና የፍሳሹ ቦይ ግን የከተማው ምክር ቤት ሥራ ነው።

እንግዲህ ይህ ምክር ቤት የማን ነው? ባሕር ተሻግሮ የተላከ ሹም የሚቀመጥበት አይደለም። አባሎቹ ባለ ሱቅ፣ ሐኪም፣ አስተማሪ፣ የእጅ ሥራ ባለሙያ ሆነው በዚያው ከተማ የሚኖሩ ናቸው። ጠዋት በሚዛኑ ስኳር የመዘነልህ ሰው፣ ማታ በምክር ቤቱ ተቀምጦ ስለ መንገድህ ይመክራል። አጥፍቶ እንደ ሆነ በማግሥቱ ከሱቁ በር ላይ ታገኘዋለህና ሊሸሸግህ አይችልም። እኛ አማካሪ የምንለው ይህን ሰው ነው። ደመወዝ የሚኖር ጸሐፊ አይደለም፤ በሹመትና በዘር የመጣም አይደለም፤ ጎረቤቶቹ ድምፅ ሰጥተው ያስቀመጡት ሰው ነው።

ባዝ ለንጉሠ ነገሥቱ ስደት ያደረገችውን መስተንግዶ እርሳቸውም አልረሱትም። በ1947 ዓ.ም. እንግሊዝ አገርን ሲጎበኙ የከተማው ምክር ቤት የክብር ዜግነት ሰጣቸው። እርሳቸውም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ፌርፊልድን ለአረጋውያን መጠጊያ እንዲሆን ለከተማይቱ ሰጡ። የንጉሥ ቤት ለሽማግሌዎች ሲሰጥ፣ ስጦታውን ተቀብሎ ኃላፊ የሆነው ይኸው የባለ ሱቆችና የሐኪሞች ጉባኤ ነበር።

ነገር ግን ይህ ሥርዓት ለእንግሊዞች ከሰማይ የወረደላቸው አይደለም። በቀድሞ ዘመን የባዝ ምክር ቤት 30 ሰዎች ብቻ የነበሩበት ዝግ ማኅበር ነበረ። አንዱ ሲሞት የቀሩት እነርሱ ራሳቸው ምትኩን ይመርጣሉ እንጂ ሕዝቡን አይጠይቁም ነበር። ወደ ፓርላማ የሚሄዱትን እንደራሴዎች እንኳ እስከ 1832 እ.ኤ.አ. ድረስ የሚመርጡት እነዚሁ 30 ሰዎች ነበሩ። በ1835 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ግን በ178 ከተሞች ያለው አሮጌ ማኅበር ፈርሶ፣ የቤት ግብር የሚከፍሉ ሰዎች የሚመርጡት ምክር ቤት ተተካ። አማካሪው ለ3 ዓመት ይመረጣል፤ በየዓመቱም ሲሶው ወርዶ አዲስ ይመረጥ ነበር።

ሕጉን ለሥራ ያነሣሣው ግን በሽታ ነው። እንግሊዝ በዚያ ዘመን በፋብሪካ ስትበለጽግ፣ ከተሞቿ በፍሳሽ ተጨናንቀው በኮሌራ ያልቁ ነበር። በ1854 እ.ኤ.አ. በሎንዶን፣ ሶሆ በሚባለው ሰፈር ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጆን ስኖ የሚባል ሐኪም ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ሟቾቹ ከየት ይቀዱ እንደ ነበረ ጠየቀ፤ ብዙዎቹም በብሮድ ጎዳና ካለው አንድ የውሃ መቅጃ ይጠጡ እንደ ነበረ አገኘ። ይህንንም ለሰፈሩ አጥቢያ ጉባኤ አስረዳ። የጉባኤው ሰዎች ነገሩን በሙሉ ባያምኑበትም ሰምተውት የመቅጃውን እጄታ አስነቀሉ። በሽታው በዚያ ጊዜ ከራሱ ጋብ ማለት ጀምሮ ነበር ይባላል። ቢሆንም ትምህርቱ ታላቅ ነው። እጄታውን ያስነቀለው ንጉሥ ወይም ሚኒስትር አይደለም፤ አንድ ሰው ማስረጃ ይዞ ሲመጣ ቁጭ ብሎ የሰማ የሰፈር ጉባኤ ነው።

በ1848 እና በ1875 እ.ኤ.አ. ስለ ሕዝብ ጤና በወጡት ሕጎች፣ ንጹሕ ውሃ ማምጣት፣ ፍሳሽ ማውረድና ጥራጊ ማንሣት የአጥቢያ ምክር ቤቶች ግዴታ እየሆነ ሄደ። ባዝ ራሷ ከጥንት ጀምሮ ውሃ የመጠበቅ ዕዳ ነበረባት። በከተማይቱ መካከል 46 ዲግሪ ሙቀት ያለው፣ በቀን ከ1 ሚሊዮን ሊትር በላይ የሚወጣ ፍል ውሃ አለ፤ ጥበቃውም ከ16ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ጀምሮ ለከተማው ምክር ቤት በንጉሣዊ ደብዳቤ የተሰጠ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በመታጠቢያው የዋኘች አንዲት ልጅ በውሃው ውስጥ በነበረ በዓይን በማይታይ ተሐዋሲ ምክንያት ስለ ሞተች መታጠቢያው ተዘጋ። ከዚያም በጥልቅ ተቆፍሮ ንጹሕ ውሃ ወጣ፤ አዲሱ መታጠቢያ የተከፈተውም በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል የታጠቡበት ውሃ እንኳ ዕለት ዕለት ጠባቂ ያሻዋል ማለት ነው።

ይህ የቤተ ሰብ ገጽ ነውና ስለ ሴቶች የሚሆነውን መዝለል አይገባንም። ግብር የምትከፍልና ባል የሌላት የእንግሊዝ ሴት በከተማ ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ ለመስጠት የተፈቀደላት በ1869 እ.ኤ.አ. ነው። ለፓርላማ ድምፅ መስጠት ግን እስከ 1918 እ.ኤ.አ. ድረስ ተከልክሎባታል። ስለ ምን የከተማው በር አስቀድሞ ተከፈተላት? ስለ ውሃ፣ ስለ ጥራጊና ስለ ልጆች ጤና ሴቲቱ ከወንዱ ይልቅ እንደምታውቅ መካድ ስላልተቻለ ነው። በ1907 እ.ኤ.አ. ራሷ አማካሪ ሆና ለመመረጥ ተፈቀደላት። በማግሥቱም ዓመት በእንግሊዝ አገር ከሴቶች ሐኪሞች መጀመሪያ የነበሩት ኤልሳቤጥ ጋሬት አንደርሰን፣ አልድበራ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ከንቲባ ሆኑ። በ1908 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጋዜጣ ጸሐፊዎች በምክር ቤቶች ስብሰባ ላይ እንዲገኙ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ፤ ስለዚህ አማካሪው በምክር ቤት የተናገረውን ሚስቱ በማግሥቱ በጋዜጣ ልታነበው ትችላለች።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በአንዲት እናት ደጅ የመንገዱ መብራት ጠፋ እንበል። እናቲቱ ልጇ በጨለማ እንዳይወድቅባት ሠግታ ወደ ሰፈሯ አማካሪ ትሄዳለች። አማካሪው ራሱ መሰላል ይዞ አይወጣም፤ ሠራተኛውንም በቁጣ አያዝዘውም። ጉዳዩን በማስታወሻው ይጽፋል፤ ለሚመለከተው የምክር ቤት ሹም ያስተላልፋል፤ በተወሰነውም ቀን ለእናቲቱ መልስ ይነግራታል። መልሱ «በዚህ ወር ገንዘብ የለም» ቢሆን እንኳ ይነግራታል። የአማካሪነት ሥራ በእነዚህ በሦስቱ ይጠቃለላል፤ መስማት፣ ማስተላለፍ፣ መመለስ። ከሦስቱም ሦስተኛው እጅግ የሚከብደውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው።

በዚያም አገር ቢሆን ሁሉ መልካም ነው አንልም። በእንግሊዝ የአጥቢያ ምርጫ ከመራጮች ብዙውን ጊዜ ሲሶው ያህል ብቻ ነው የሚወጣው። አማካሪዎቹም በፓርቲ ተከፋፍለው ይነታረካሉ። ባዝም ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከአካባቢው ገጠር ጋር ተጣምራ በአንድ ምክር ቤት ትተዳደራለች፤ በዚህም ምክንያት አንዳንዱ ነዋሪ ምክር ቤቱ ራቀን ብሎ ያጉረመርማል። ይሁን እንጂ ጥራጊው ያልተነሣለት ሰው የማንን በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው ይል ይሆናል፤ ነገር ግን ይፋት ከተማንና ገበያን የምታውቅ ጥንታዊት አገር ናት። በመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኖች በዚህ ቆላ አፋፍ ላይ ከተሞች ነበሯቸው፤ ከእነዚያም አንዷ የኖራ ፍራሽ ከመስጊዷ ግንብ ጋር ይገኛል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመንም ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ የነጋዴዎች ከተማ ነበረች። በ1842 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በዚያች ከተማ ወራት ያህል ተቀምጦ የሕዝቡን የዘወትር ኑሮ ጽፏል። ስለዚህ አንድ እንግሊዛዊ በይፋት ከተማ እንግዳ ሆኖ የኖረው፣ ኢትዮጵያውያን በባዝ እንግዶች ከመሆናቸው መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነበር ማለት ነው።

ጎረቤቶች ተሰብስበው የጋራቸውን ነገር የሚያስተዳድሩበትም ሥርዓት ለሕዝባችን አዲስ አይደለም። መስኖ ባለበት ስፍራ ገበሬዎቹ የውሃ አባት ይመርጣሉ። የውሃ አባት ከላይ ያለው ሰው ውሃውን ሁሉ ጠልፎ ከታች ያለው ማሳ እንዳይደርቅ ተራ ይመድባል፤ ቦይ በሚጠረግበት ቀን ያልወጣውንም ይቀጣል። ዕድር ደግሞ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። የአባሎቹ ስም በመዝገብ ይጻፋል፤ መዋጮው በየወሩ ይሰበሰባል፤ ሒሳቡም በጉባኤ ፊት ይነበባል። ከአንድ ብር እንኳ ቢጎድል ሽማግሌው ተነሥቶ ይጠይቃል። ሰው የዕድሩን ሒሳብ እንዲህ አጥብቆ የሚጠይቀው ገንዘቡ የራሱ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

የመንግሥቱም ሕግ ይህንን ነገር ደጋግሞ ሞክሮታል። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ማዘጋጃ ቤቶችን ሲያቋቁም፣ ከመሥሪያ ቤቶች ተወካዮች ጋር ከነዋሪዎች የተመረጡ ሰዎች በምክር ቤት እንዲቀመጡ አዘዘ። በ1939 ዓ.ም. ደግሞ የአጥቢያ ዳኛ ተቋቋመ፤ እስከ 25 ብር የሚደርስ ክርክር ይሰማል፤ እስከ 15 ብር ይቀጣል፤ ከሁሉ በፊት ግን ባላጋራዎችን እንዲያስታርቅ ይጠበቅበት ነበር። በ1967 ዓ.ም. በገጠር የገበሬ ማኅበር፣ በከተማ ቀበሌ ተተካ። ቀበሌ ሲጀመር የጎረቤት ማኅበር ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን በኋላ ጎረቤት የሚፈራው በር የሆነበት ጊዜ እንደ ነበረ ብዙ ቤተ ሰብ ያስታውሳል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ በ50ኛው አንቀጽ፣ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጠው ይደነግጋል። በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የአጥቢያ ምርጫ ተደረገ፤ ቀጥሎ ሊደረግ የነበረው ግን በ2010 ዓ.ም. እንዲራዘም ተወሰነ። ስሙ በየዘመኑ ይለዋወጣል፤ የእናቲቱ ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ስለ ውሃዬ ለማን ልናገር?

በጀውሃና በዙሪያዋ ቆላ ይህ ጥያቄ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ስለ ምን ቢሉ፣ አገሩ የወባ አገር ነው። የወባ ትንኝ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች። አንድ ቤተ ሰብ አጎበር ቢዘረጋ፣ ደጁንም ቢያደርቅ፣ በጎረቤት ጓሮ ያለው ኩሬ ግን ትንኝ ያፈራበታል። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. መካከል በኢትዮጵያ ብዙ አውራጃዎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰዎች እንደ ገደለ ተገምቷል። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱም አጎበሩም ተሻሽሏል። ቢሆንም ኩሬውን የሚያስደፍን፣ ቦዩን የሚያስጠርግ፣ በቤቶች መካከል ተመላልሶ የሚያግባባ የሰፈር ሰው ከሌለ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም። የሎንዶኑ የመቅጃ እጄታና የጀውሃው ኩሬ አንድ ናቸው፤ ማንም ቤተ ሰብ ለብቻው ሊነቅለው ወይም ሊደፍነው አይችልም።

ሁለተኛው ነገር ከበሽታም የከፋ ነው፤ እርሱም ጠብ ነው። በዚህ ቆላ አማራው፣ አርጎባውና ኦሮሞው ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ፤ በሰንበቴ እሑድ በሚውለው ገበያም ከበረሃው በኩል የሚመጣው አፋር ይጨመርና ሁሉም በአንድ ሜዳ ይገበያያል። እስላሙና ክርስቲያኑ በሠርግና በሐዘን ይጠራራል። ይሁን እንጂ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢ በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው አለቀ፤ የአጣዬ ከተማም አብዛኛው ክፍሏ ተቃጠለ። በጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ግጭቱ እንደ ገና ሲነሣ ጀውሃ ራሷ ከተጎዱት ስፍራዎች አንዷ ሆነች። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው የማን ወገን እንደ ሆነ በዚህ ገጽ አንጠይቅም። እንጀራ የምትጋግርበትን ምጣድ ትታ ልጇን አዝላ የሸሸች እናት፣ በየትኛውም ቋንቋ ብታለቅስ ልቅሶዋ አንድ ነው።

የሰፈር ጉባኤ ጦርነትን ያስቀራል ብለን አንዋሽም። መሣሪያ ከተነሣ በኋላ የአማካሪ ማስታወሻ ደብተር ምንም አይሠራም። ነገር ግን ትልቁ እሳት ብዙ ጊዜ የሚነደው በትንንሹ ጭራሮ ነው፤ ከብት የሰው ማሳ ገባ፤ የውሃ ተራ ተዘለለ፤ በገበያ ሚዛን ጎደለ። አባቶቻችን ነገርን በእንጭጩ መቅጨት የሚሉት ስለዚህ ነው። ለማሳው የሚከራከሩት ሁለቱ ሰዎች በዚያው ሳምንት በአንድ ጉባኤ ፊት ቢቀርቡ፣ የሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማና ሁለቱም የሚያምኑት ሽማግሌ ቢዳኛቸው፣ ነገሩ የሁለት ሰዎች ነገር ሆኖ ይቀራል። ሰሚ ካጣ ግን ወደ ወገን ይሸጋገራል፤ ወደ ወገን ከተሸጋገረም በኋላ የማሳው ወሰን የት እንደ ነበረ የሚያስታውስ አይገኝም። በወሎ አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች ክብር ያገኙት ነገር ገና ሳይበስል ስለሚደርሱ ነው።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ ሹማምንት ጥቂት ምክር እንጨምር። ከሁሉ አስቀድሞ፣ ለባለ ጉዳይ የሚቀመጡበትን ቀን ወስነው በበራቸው ላይ ይጻፉት፤ ከዚያም ቀን አይቅሩ። ከጀውሃ እስከ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዶ «ነገ ና» የተባለ ገበሬ የሚከስረው የአንድ ቀን እርሻ ብቻ አይደለም፤ በመንግሥቱ ላይ ያለው እምነት አብሮ ይጎድላል። ሁለተኛም አቤቱታውን ይጻፉት፤ ያልተጻፈ አቤቱታ ሹሙ ሲለወጥ አብሮ ይሄዳልና። ሦስተኛም፣ የማይቻል ሲሆን አይቻልም ብለው ምክንያቱን ይንገሩ፤ ሰው ከእምቢታ ይልቅ ዝምታን ይጠላል። አራተኛም፣ ለውሃና ለመንገድ የተሰበሰበውን ገንዘብ እንደ ዕድር በጉባኤ ፊት ያንብቡት።

አምስተኛውና ዋነኛው፣ በጉባኤው ማን እንደ ተቀመጠ ይመልከቱ። ውሃ የምትቀዳው ሴት ካልተቀመጠች ስለ ውሃ የሚመከረው በወሬ ነው። በ1950 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመርጠው በፓርላማ ከተቀመጡ ወዲህ፣ ሴት በሸንጎ አትቀመጥም የሚል ሰው መከራከሪያ የለውም። እንደዚሁም ከሰፈሩ አንዱ ወገን ብቻ የተቀመጠበት ጉባኤ ምንም ያህል ቢፈርድ ለቀሩት ፍርድ አይመስላቸውም። አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ከአፋሩም ጋር በድንበር የሚገናኘው ሁሉ የሚያምነው ሰው በወንበሩ ላይ ሊያይ ይገባዋል።

ለቤተ ሰብም የሚሆን ምክር አለ። አማካሪው የምንመርጠው ጎረቤታችን እንጂ ተአምር አድራጊ አይደለም። ጓሮህን ሳታደርቅ ስለ ወባ፣ መዋጮህን ሳትከፍል ስለ ውሃ ብትጮህ ጩኸትህ ክብደት አያገኝም። ነገር ግን የሚገባህን ፈጽመህ ስትጠይቅ አትፈር፤ ዛሬ መልስ ባታገኝ ሳምንት ተመለስ። ብቻህን ከምትሄድ አምስት ጎረቤት ይዘህ ሂድ። ልጆችህም ሲጠይቁ ይዩህ፤ በትሕትና መጠየቅና በትዕግሥት መልስ መጠበቅ በቤት ከሚማሩት ነገር አንዱ ነውና። የእንግሊዝ ሕዝብ ከ30 ሰዎች ዝግ ማኅበር እናቶች እስከሚቀመጡበት ጉባኤ ለመድረስ ከ70 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ በዚያም ዘመን ሁሉ የጠየቁት ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ፤ ግን አላቋረጡም።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን። የከተማ ምክር ቤት ማለት ይህን ተረት በመዝገብ ማስፈር ነው። ለጀውሃ የሚያስፈልጋት የባዝ ፍል ውሃ ወይም የባዝ ግንብ አይደለም። የሚያስፈልጋት፣ አንዲት እናት ልጇ በትኩሳት ሲነድ፣ ወይም አንድ ገበሬ ማሳው ሲረገጥ፣ የማንን በር እንደሚያንኳኩ እንዲያውቁ ነው፤ ባንኳኩም ጊዜ ከውስጥ «ማነው? ግባ» የሚል ድምፅ እንዲሰሙ ነው።